አደይ አበባ በየዓመቱ ትመለሳለች፤ የደብሩ ዛፍስ?



ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ሲያሸበርቅ የመስቀል ደመራ ይደመራል። ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አጢሳ፣ ጢሱ ባመለከታት ስፍራ ቅዱስ መስቀሉን ማስቆፈሯን የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይነግረናል። በዓሉም እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። እኛ ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ግን የበዓሉን ታሪክ አይደለም፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ልናነሣ የወደድነው በደመራው ዙሪያ ስለምናያቸው ሁለት ነገሮች፣ ስለ አበባዋና ስለ እንጨቱ ነው።

አደይ አበባ ዕድሜዋ አንድ ወቅት ነው። ታብባለች፣ ዘሯን ታራግፋለች፣ ትደርቃለች። ዘሯ ግን በጋውን በሙሉ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ ይነቃል። ስለዚህም ማንም ሳይዘራት፣ ማንም ሳይኮተኩታት በየመስከረሙ ትመለሳለች። ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በሚገኙ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ አፈሩን ወስደው ምን ዘር እንደሚገኝበት መርምረው ነበር። በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የተገኘው በአብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ሆነ። ከበላይ ጥላ ሆነው የቆሙት አብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች በአፈሩ ውስጥ ያስቀመጡት ዘር የለም። የጥቁር እንጨት ዘር ከወደቀ በኋላ ወዲያው ካልበቀለ ይሞታል። እንግዲህ እናት ዛፏ ከወደቀችና በሥሯ ችግኝ ከሌለ፣ የሚቀጥለው ክረምት ምንም ያህል ቢዘንብ የሚመልሳት የለም ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች አንዲት እውነት ላይ ነው።

በጎጃምና በጎንደር ደጋ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ታርሶ በተራቆተ ሰፊ ሜዳ መካከል ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታይ ጫካ ካለ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባቶቻችን ዐፀዱን የታቦቱ ልብስና ግርማ፣ የምእመናን መጠለያ፣ የኤደን ገነት አምሳል አድርገው ጠብቀውታል። ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው፣ ዋርካውና ሾላው እስከ ዛሬ የቆሙት በመንግሥት ዘበኛ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፍርሃት ነው። ይህ እኛ የምንኮራበት፣ ዓለምም የሚደነቅበት ነገር ነው። ነገር ግን ኩራት ብቻውን ዛፍ አያበቅልም፤ ደኑ ውስጥ ምን እንደሚከናወን ማወቅም ያስፈልጋል።

በደን ውስጥ ማዳበሪያ የሚያፈስ ሰው የለም። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ፍሬው ይወድቃል፣ ያረጀው ግንድ ይገነደሳል። ምስጡ ይሰባብረዋል፤ የምድር ትሉ ከአፈር ጋር ያዋሕደዋል፤ በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎችና የሻጋታ ወገኖች ደግሞ አብላልተው ወደ ንጥረ ነገርነት ይመልሱታል። ሥር መልሶ ይስበዋል፤ ትናንት የረገፈው ቅጠል ዛሬ አዲስ ቅጠል ሆኖ ይወጣል። ሊቃውንቱ የንጥረ ነገሮች ዑደት የሚሉት ይህንን ነው። ከዚህ ማዕድ የሚባክን እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣዋልና።

ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አንደኛው ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ተክሎች እንዳለ ሊጠቀሙበት አይችሉም። እንደ ብርብራና ግራር ባሉ ዛፎች፣ እንደ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ባሉ ጥራጥሬዎች ሥር ላይ በትናንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ከአየር ወስደው ለተክሉ የሚያቀርቡት። ሁለተኛው ፎስፎረስ ነው። ይህ በአየር ውስጥ ተጠባባቂ ክምችት የለውም፤ ከዐለት መሰባበር ቀስ በቀስ የሚገኝ ነው። ጎርፍ አፈሩን ይዞት ከሄደ በእኛና በልጆቻችን ዕድሜ አይመለስም።

አሁን ከዐፀዱ በር ወጥተን ማሳውን እንመልከት። በማሳው ላይ ዑደቱ ተቆርጧል። እህሉ ወደ ጎተራና ወደ ገበያ፣ ገለባው ወደ ከብት፣ እበቱ ደግሞ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ኩበት ሲነድ ለአፈር ሕይወት የሚሆነው ብስባሽና አብዛኛው ናይትሮጅን በጢስ ያልቃል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመድ ውስጥ ይቀራል። አመዱም ተመልሶ ማሳ ላይ አይወድቅም፤ ጓሮ ይደፋል። በየገጠሩ የጓሮው ጎመን ሲፋፋ የሩቁ ማሳ ጤፍ የሚቀጭጨው አንድም በዚህ የተነሣ ነው። እዚህ ላይ ኩበት ጠፍጥፈው የሚያነዱትን እናቶቻችንን የምንወቅስ እንዳንመስል እንጠንቀቅ። እንጨት በሌለበት አገር ልጆቿን ለማብላት ኩበት ያነደደች እናት ጥፋተኛ አይደለችም። ዛፉ ከማሳው ዳር ሲጠፋ እበቱም ከአፈሩ ተወሰደ፤ የደን መጥፋትና የአፈር መራቆት አንድ ነገር መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ገበሬው ይህንን ዑደት የሚጠግንበት የራሱ ጥበብ ነበረው፤ አሁንም አለው። ጤፍ ወይም ስንዴ በተዘራበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ ያፈራርቅበታል። በዚህ ረገድ ጾማችን ሳይቀር ባለውለታ ነው። የክርስቲያን ቤተሰብ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን በጾም ያሳልፋል፤ ገበታውም ሽሮ፣ ክክና ምስር ነው። ጥራጥሬ ፈላጊ ስላለው ይዘራል፤ ስለተዘራም አፈሩ ይመገባል። ሳናውቀው በጾም ገበታችን ማሳውን ስናበላ ኖረናል ብንል ማጋነን አይሆንም። የጾም ዘይታችን ምንጭ የሆነው ኑግ ደግሞ ከሌላ ተክል ዱቄት በንብ ካልመጣለት በሚገባ ፍሬ አይዝም። ንቧ የት ታድራለች? አሮጌ ዛፍና የዱር አበባ ባለበት ነው። በብዙ ቀበሌ እንዲህ ያለ ስፍራ የቀረው የደብሩ ዐፀድ ብቻ ነው። ከዐፀዱ የምትነሣው ንብ የምታገለግለው ቤተ ክርስቲያን የሚስመውን ምእመን ሁሉ ነው።

የተቆረጠው ዑደት ሊቀጠል እንደሚችልም በተግባር ታይቷል። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የደከሙለት፣ በ1988 ዓ.ም. በትግራይ ከጥቂት የገጠር ማኅበረሰቦች ጋር የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። በብስባሽ የዳበረው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጅግ የላቀ፣ ከፋብሪካ ማዳበሪያም ምርት ጋር የሚወዳደር እህል ሰጥቷል።

ስለ ብዝኃ ሕይወት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አንበሳና ዋልያን ነው። ነገር ግን ብዝኃ ሕይወት ምስጡም ነው፣ ሻጋታውም ነው፣ የወይራን ፍሬ ውጣ ዘሩን ራቅ ወዳለ ስፍራ የምትጥለው ወፍም ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የደን ጉልበቱ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሳይሆን በብዙዎቹ መተባበር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር የማይሞላ፣ ትልቁ 100 ሄክታር ያህል ነበር። አንዱ ደብር ያለው ሌላው የለውም፤ ቆላማው ከደጋማው ይለያል። ስለዚህ አንድ ደብር ዐፀዱን ቢያጣ ሌላው አለና አይጎዳንም ማለት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ስለ ደሴቶች ሕይወት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ፍሬ ሐሳቡ፣ ደሴት በጠበበና ከሌላው የብስ በራቀ መጠን በውስጡ የሚኖሩት የፍጥረት ዓይነቶች ቁጥር ያንሳል የሚል ነው። የእኛ የደብር ደኖች በእርሻ ባሕር የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። በትንሽ ደን ውስጥ ከአንድ ዓይነት ዛፍ ሁለትና ሦስት ብቻ ሲቀር፣ እነርሱ እርስ በርሳቸው ተዳቅለው የሚሰጡት ዘር እየደከመ ይሄዳል። ነፋሱና ፀሐዩ ከዳር ዘልቆ ስለሚገባም እርጥበት ፈላጊው ችግኝ አይጸናም። ለጥበቃ ሥራ መሠረት የሆኑት ሦስት ሕጎች የሚመነጩት ከዚህ ነው፤ የቀረውን አለማስነካት፣ የጠበበውን ማስፋት፣ የተለያየውን ማገናኘት።

ታዲያ የደብሮቻችን ደን በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ነገሩ የሚያጽናናም የሚያስደነግጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከዘመናችን ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ የሰሜኑ ደብሮች ደን በስፋቱ እምብዛም እንዳልተነካ፣ አንዳንዱም ሰፋ እንዳለ አረጋግጠዋል። ይህ የካህናቱና የምእመናኑ ታማኝነት ውጤት ነውና ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ታርሷል፤ ከስፋቱም አንዱ ክፍል የባሕር ዛፍ ነው። የሚያስደነግጠው ግን ከፎቶግራፉ የማይታየው ነው። ከበላይ ሆኖ ለሚያይ ደኑ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ገብቶ ለሚያይ ግን በብዙ ደብር አረጋውያን ዛፎች እንጂ ልጆቻቸው የሉም። አረጋውያን ብቻ የቀሩበት ቤት ዕጣው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አንደኛው ምክንያት ከብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሌላ ጥናት ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በደኑ ውስጥ ከፊሉን ስፍራ አጥረው፣ ከፊሉን ክፍት ትተው የጽድ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘርና ችግኝ ተከታተሉ። ከብት የሚገባበት ስፍራ በቡቃያውም፣ በችግኙም ዕድገትና ሕይወት ላይ ብርቱ ጉዳት እንደሚያደርስ ታየ። ያልተበላው በኮቴ ይረገጣል፤ አፈሩም ይደድራል።

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን መናገር ይገባል። የደብሩ ወዳጆች ነን የምንል፣ ከከተማና ከባሕር ማዶ ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች የምንልከው በአብዛኛው ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ብረት ነው። አዳራሹ የሚሠራው ዛፍ ተቆርጦ ነው። መንገዱ የሚሰፋው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ነው። ለሙታኖቻችን የምናቆመው የእብነ በረድና የሲሚንቶ ሐውልት ለዘመናት ቅጠል ይረግፍበት የነበረውን መሬት ይደፍናል። በክብረ በዓል ዋዜማ ግቢው ይጽዳ ብለን ከዛፉ ሥር ጠርገን የምናቃጥለው ቅጠል ቆሻሻ አልነበረም፤ የሚቀጥለው ዓመት የዛፉ ምግብ ነበር። ከቅጠሉ ጋር አብረው የሚጠረጉት ዘሩና ጨቅላው ችግኝ ናቸው። ይህንን ሁሉ ያደረግነው በፍቅር እንጂ በክፋት አይደለም። ነገር ግን ችግኙ በፍቅር መረገጡ ከመሞት አላዳነውም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። የገጠር ደብር ገቢ የለውም፤ ጣራው ሲያፈስስ የሚያድሰው፣ ካህኑን የሚረዳው የባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው ይባላል። እውነት ነው። የድኃው ገበሬ በሬም በበጋ የሚግጠው ሣር የሚያገኘው ከዐፀዱ ነው ይባላል። ይህም እውነት ነው። የእኛ መልስ ባሕር ዛፍ ጨርሶ ይነቀል፣ በሬው ይራብ የሚል አይደለም። ባሕር ዛፉ ከነባሩ ደንና ከጸበሉ ምንጭ ራቅ ብሎ በተለየ ቦታ ይተከል፤ ውኃ የሚስብና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ የማያበቅል ዛፍ ነውና። ሣሩም ታጭዶ ይውጣ እንጂ ከብቱ አይግባ። ደብሩ ከንብ ቀፎ የሚያገኘው ማርም አንድ የገቢ በር ነው።

ሕግ ከተከበረ ደን እንደሚጸና የጣና ዳሩ የዘጌ ምድር ያስተምረናል። በዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ከብትም አይረባበትም የሚል ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ሕዝቡ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ያለማል። ገዳማቱም፣ ቡናውም፣ ደኑም አብረው እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የጣና ሐይቅ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዛሬ በብዙ ምርምር የደረሱበትን አባቶች በአንድ ቃል ደንግገውት ነበር።

ሌላው ትምህርት ከድንጋይ ካቡ ይገኛል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር፣ ካህናቱንና ምእመናኑን በማማከር በበርካታ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ገበሬው ከማሳው የለቀመው ነው። ስለዚህ በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ተገኘ፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ታጠረ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የምእመናን ስምምነትና ጉልበት ነው።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ስለት ያለበት ሁሉ ጃንጥላና ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን ካብም ስለት ይሁን፤ አንድ ክንድ ካብ የካበ ለታቦቱ ልብስ የሰጠ ነው። ለሙታን መታሰቢያ ሐውልት ከማቆም ይልቅ፣ ከዚያው ደብር ዛፍ ዘር የፈላ አንድ ዝግባ ወይም ወይራ ይተከል። አዳራሽ የግድ ካስፈለገ ከነባሩ ደን ውጭ ይሠራ። ለክብረ በዓል መንገዱና ዐውደ ምሕረቱ ይጠረግ፤ ከዛፉ ሥር ያለው ቅጠል ግን እንዳለ ይተው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየዓመቱ ዘር ለቅመው በዐፀዱ ጠርዝ የችግኝ መደብ ያዘጋጁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ ችግኝ ሲተከል ቆይቷል። አገር በቀል ዘር ሲፈለግ በብዙ አካባቢ እናት ዛፉ የሚገኘው በደብሩ ውስጥ ነውና፣ ደብሩ ዘር ሰጪ ሊሆን ይችላል። ገበሬውም በማሳው ድንበርና በወንዙ ዳር ብሳና፣ ዋንዛና ብርብራ ቢተክል፣ ከደብር ወደ ደብር ለወፏና ለንቧ መሸጋገሪያ ያበጃል። የማገዶው እንጨት ሲገኝም እበቱ ወደ አፈሩ ይመለሳል።

በዚህ በዓል እያንዳንዱ ቤተሰብ ለደመራው ችቦ ሲያዋጣ በልቡ አንድ ውል ይግባ፤ ያዋጣነውን እንጨት በሚመጣው ሐምሌ በአንድ አገር በቀል ችግኝ እንተካለን የሚል። ችግኙን መትከል ብቻ አይበቃም፤ በሚቀጥለው መስቀል ልጆችን ይዞ ሄዶ ቆሞ እንደሆነ ማየት ነው ቁም ነገሩ።

ደመራው ነድዶ ሲያበቃ ከአመዱ ቆንጥረን በግንባራችን ላይ የመስቀል ምልክት እናደርጋለን። ያ አመድ ትናንት ዛፍ ነበር፤ ያም ዛፍ ከአፈር የወሰደውን ነው ለእሳቱ ያስረከበው። በአደራ የተቀበልነውን ካልመለስን ለልጆቻችን የምናስረክበው ቢጫ አበባ እንጂ የደብር ጥላ አይሆንም። አደይ አበባ ያለ እኛ ትመለሳለች፤ የደብሩ ዛፍ ግን ያለ እኛ አይመለስም።

መልካም የመስቀል በዓል ያድርግልን!